በጀርባው የዘለለው መሐንዲስ

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ለእኛ የማሞ ወልዴ ቀን ነው። አበበ ቢቂላ አቋርጦ ሲወጣ ማሞ የሜክሲኮ ኦሊምፒክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። በዚያው ከሰዓት፣ በዚያው ስታዲየም ደግሞ አንድ ሸንቃጣ አሜሪካዊ የኮሌጅ ተማሪ ከፍታ ዝላይን ገልብጦ እየዘለለ ተመልካቹን አፉን አስይዞ ነበር።

ዲክ ፎስበሪ በ1947 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ተወልዶ ሜድፎርድ በምትባል ከተማ አደገ። ስሙን ያስጠራው አለመቻሉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያን ጊዜ ደንበኛው አዘላለል ሆድን ወደ አግዳሚው ዘንግ አዙሮ ከላዩ እየተንከባለሉ ማለፍ ነበር፤ የሶቪየቱ ቫለሪ ብሩሜል 2.28 ሜትር የዘለለው በዚሁ ነው። የፎስበሪ ረጃጅም እግሮች ግን ለዚህ አልታዘዝ አሉ። በ1963፣ ገና 16 ዓመቱ ሳለ፣ አሠልጣኙን አስፈቅዶ ወደ ጥንቱ የመቀስ ዝላይ ተመለሰ። ግራንትስ ፓስ ላይ በተካሄደ የተማሪዎች ውድድር፣ ዘንጉ ከፍ ባለ ቁጥር መቀመጫው እንዳይነካው ዳሌውን ወደ ላይ ሲገፋ ትከሻው ወደ ኋላ ይወድቅ ጀመር። በአንድ ቀን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨመረ። ያስተማረው የለም፤ እሱም አስቦበት አልመጣም።

ጋዜጦች ቀለዱበት። አንዱ ጀልባ ውስጥ ከሚንፈራገጥ ዓሣ ጋር አመሳሰለው። ዛሬ ስልቱ የሚጠራበት «ፍሎፕ» የሚለው ቃልም ዱብ ብሎ መውደቅን ብቻ ሳይሆን መክሸፍንም ያመለክታል።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ዘላዩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ቅስት ሠርቶ፣ ኩርባ ላይ እንደሚታጠፍ ሞተረኛ ወደ ውስጥ ያጋድላል። ከዘንጉ በራቀው እግሩ ሲነሣ ያ ማጋደል ሰውነቱን ያሽከረክርለትና ጀርባው ወደ ዘንጉ ይዞራል። ራስ፣ ትከሻ፣ ዳሌ ተራ በተራ ያልፋሉ፤ መጨረሻ ላይ እግሮቹ ቶሎ ይሰበሰባሉ። ገመድን በአጥር ላይ እንደመሳብ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲወጣ ሌላው ወርዷል። ሰውነት እንዲህ ሲለመጥ የክብደቱ ማዕከል ከዘንጉ በታች ሊያልፍ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ሰውየው ከዘንጉ በላይ ያልፋል፤ ክብደቱ ግን ያን ያህል መነሣት የለበትም።

እንደ እኔ ከሆነ የምስጋናው እኩሌታ የሚገባው ለፍራሹ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ሁለት ልጆች ገመድ ይይዙና እኛ እየዘለልን አሸዋ ላይ በእግራችን እናርፍ ነበር። እዚያ ላይ በጀርባው የዘለለ ልጅ አንገቱን ይሰብራል። የቀድሞዎቹ ዘላዮችም አሸዋና ሰጋቱራ ላይ ስለሚወድቁ በእግር ወይም በእጅ ማረፍ ግዳቸው ነበር። ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ የመጣው ፎስበሪ በተነሣበት ዘመን ነው። ካናዳዊቷ ዴቢ ብሪልም ሳታየው በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ዝላይ ማግኘቷ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ሜክሲኮ ላይ ፎስበሪ 2.22 ሜትር ድረስ ያሉትን ሁሉ በመጀመሪያ ሙከራው አለፈ። 2.24 ላይ ሁለት ጊዜ ጣለ። ለሦስተኛው ቆሞ ቡጢውን ጨብጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ቆየና ተንደረደረ፤ ዘንጉ አልተነካም። የአገሩ ልጅ ኤድ ካሩተርስ ያንን ማለፍ ስላልቻለ ወርቁ ከነኦሊምፒክ ክብረ ወሰኑ የፎስበሪ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የአትሌትነት ታሪኩ አጭር ነው። ለ1972ቱ ሙኒክ ኦሊምፒክ ቡድን አልተመረጠም። ሲቪል ምህንድስናውን ጨርሶ በአይዳሆ ግዛት በሙያው ሠራ፤ በስተርጅና የአካባቢው አስተዳደር ኮሚሽነር ሆኖ ተመረጠ። በ2023 በ76 ዓመቱ አረፈ።

በእሱ ስልት የመጀመሪያውን የዓለም ክብረ ወሰን፣ 2.30 ሜትር፣ ያስመዘገበው አሜሪካዊው ድዋይት ስቶንስ ነው፤ በ1973፣ እዚያው ሙኒክ። ኩባዊው ሀቪየር ሶቶማዮር በ1993 ሳላማንካ ላይ የዘለለው 2.45 ሜትርም የተገኘው በጀርባ ነው። ፎስበሪ ራሱ የዓለምን ክብረ ወሰን አንድም ቀን ይዞ አያውቅም።