በታንከር ውስጥ ስለሚቀር አሮጌ ውኃ

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ በብዙ ዘመን ያነጠፈው አሸዋና ጠጠር ውኃ አምቆ ይዟል፤ በዚህ ሜዳ ጥልቅ ጉድጓድ እየተቆፈረ ውኃ የሚሳበውም ስለዚህ ነው። የተሳበው ውኃ በታንከር ተጠራቅሞ በቧንቧ ይታደላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውኃው በታንከር ውስጥ ሳለ ምን እንደሚደርስበት ማስረዳት ነው።

ብዙ ሰው በታንከር ውስጥ ያለ ውኃ ሁሉ የተቀላቀለ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሳፋ ባለ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ የፈላ ውኃ ቀስ ተደርጎ ቢጨመር፥ ላዩ እጅ ሲያቃጥል ሥሩ ቀዝቃዛ እንደ ሆነ ይቆያል። ምክንያቱም የሞቀ ውኃ ቀላል ስለ ሆነ ነው። 1 ሜትር ኩብ ውኃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 998.2 ኪሎ ግራም፥ በ30 ዲግሪ ግን 995.7 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም ውኃውን በንብርብር ለያይቶ ለማቆም ይበቃል።

በቆላ ፀሐይ ታንከሩን ስታግለው የላይኛው ውኃ ይሞቃል። ከጉድጓዱ የሚመጣው ውኃ ከዚህ የቀዘቀዘ ከሆነና በሥር በኩል በዝግታ ከገባ እዚያው ይተኛል። መውጫው ቧንቧም በሥር በኩል ሲሆን፥ አዲሱ ገብቶ አዲሱ ይወጣል፤ አሮጌው ግን ከላይ ይቀራል። ጀርም እንዲገድል የተጨመረው ክሎሪን ደግሞ በጊዜ ብዛትና በሙቀት እየደከመ ይሄዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ውኃ ለተጠቃሚው ሲደርስ በ1 ሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል። ከላይ የቆየው ውኃ ከዚህ በታች ሊወርድ ይችላል። ከመውጫው ቧንቧ ብቻ ቀድቶ የሚመረምር ሰው ይህን አያይም፤ ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆምና ታንከሩ ሲጎድል፥ ወደ ጄሪካኑ የሚወርደው ይኸው አሮጌ ውኃ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በሞተር የሚዞር ማማሰያ ማግባት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ኤሌክትሪክና ጥገና ይፈልጋል። የሚቀለው መንገድ በሚገባው ውኃ ኃይል መጠቀም ነው። ለምሳሌ፥ በሴኮንድ 10 ሊትር ውኃ በ150 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ቢገባ ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.57 ሜትር ያህል ነው። የቧንቧው አፍ ወደ 75 ሚሊ ሜትር ቢጠብ ግን ፍጥነቱ 4 እጥፍ፥ ማለት 2.26 ሜትር ይሆናል። በዚህ ምክንያት በፓምፑ ላይ የሚጨመረው ሸክም ውኃውን ሩብ ሜትር ያህል አብልጦ ከፍ ከማድረግ ብዙም አይበልጥም። አፉም ከመውጫው ርቆ ሽቅብ ወደ ውኃው ገጽ እንዲያይ ቢደረግ፥ ቀዝቃዛው ውኃ ወደ ሞቀው ንብርብር ዘልቆ ይቀላቅለዋል።

አሞላሉም ይህን ሊረዳ ይገባዋል። ታንከሩን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ከመጨመር፥ መጠኑ ጎደል እስኪል ጠብቆ ሳያቋርጡ ረዘም ላለ ጊዜ መሙላት ይሻላል። ቁመቱ ረዥም የሆነ ጠባብ ታንከር ከዝቅተኛው ይልቅ ለመቀላቀል ያስቸግራልና ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ብዙ መሣሪያ አያሻም። ከላይና ከሥር ውኃ ቀድቶ ሙቀቱንና ክሎሪኑን መለካት ነው፤ ሁለቱም ከተካከሉ ውኃው ተቀላቅሏል፥ ከተለያዩ ግን ቧንቧው ገና መስተካከል አለበት።