ቱርቦ፣ ኮምፒዩተርና የአዲስ አበባ አየር

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ከጓደኞቻችን መካከል ስለ መኪና ማውራት የሚወዱት፥ ቱርቦ ያለውን ሞተር በላፕቶፕ አስተካክሎ ኃይሉን መጨመር እጅግ ቀላል ነገር እንደ ሆነ ይነግሩናል። ገመዱ ከመሪው በታች ካለው መሰኪያ ይገባል፤ ከኢንተርኔት የወረደው ፋይል ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ይከንፋል ይላሉ። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለሆንን፥ «ስለ ሞተር ትናገሩ ዘንድ ማን ፈቀደላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ነገር ግን የተጻፈን ነገር አንብቦ መመርመር ሙያችን ነው። ይህም ፋይል የተጻፈ ነገር ስለሆነ፥ ምን እንደሚልና ለማን እንደ ተጻፈ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት ተነሥተናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቱርቦ ምንድን ነው? ሞተር የሚሠራው ቤንዚንና አየር አብሮ በማቃጠል ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ቤንዚኑን ማብዛት ቀላል ነው፤ የሚቸግረው አየሩን ማብዛት ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 ፓተንት ያወጣበት ሐሳብ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ እንዲሁ በከንቱ ከሚባክን አንዲት ትንሽ መዘውር እንዲያዞር ይደረጋል፤ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለችው መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር እየጨመቀች ወደ ሲሊንደሩ ትልካለች። መዘውሮቹ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞሩ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ፥ ካንዴላው ካቀጣጠለው እሳት ፊት ያለው ድብልቅ ተራውን ሳይጠብቅ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ይህም እንደ መዶሻ ምት የሚሰማ ኳኳታ ነው፤ ሲደጋገም ፒስቶን ይሰነጥቃል፥ ፋሻውን ይሰብራል። በ1962 በአሜሪካ የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ይህን ለመከላከል የውሃና የሜታኖል ድብልቅ ወደ ሞተሩ የሚረጭ ልዩ ጋን ነበረው። ባለ መኪኖቹ ግን ጋኑን መሙላት እየዘነጉ ብዙ ችግር ስለ ተፈጠረ፥ መኪናው በ1963 መሠራቱ ቀረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የስዊድኑ ሳብ ኩባንያ ለሞተሩ ጆሮ አበጀለት፤ ይኸውም ኳኳታውን የሚያዳምጥና ወዲያው የቱርቦውን ግፊት የሚቀንስ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። እንግዲህ ዛሬ በየመኪናው ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር የዚህ ዓይነት ጠባቂ ወራሽ መሆኑን ልብ እንበል።

በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? አብዛኛው በሠንጠረዥ የተደረደረ ቁጥር ነው። በአንድ ወገን የሞተሩ ፍጥነት፥ በሌላው ወገን የተሸከመው ጭነት ይጻፋል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቤት ውስጥ ካንዴላው መቼ ብልጭ እንዲል፥ ቤንዚኑ ምን ያህል እንዲሆን፥ ቱርቦው እስከ የት እንዲገፋ ታዝዟል። ፋብሪካው እነዚህን ቁጥሮች ሲሞላ እስከ መጨረሻው ጠርዝ አይሄድም። ቤንዚኑ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑ ሊሞቅ፥ አገሩ ከፍተኛ ሊሆን፥ ሞተሩ ሊያረጅ ይችላል። ስለዚህ ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ ይተዋል። ሞተር ማስተካከያ የሚባለው ፕሮግራም የሚያደርገው ይህን ትርፍ መንካት ነው። ፕሮግራሙ ኃይል አይፈጥርም፤ የተቀመጠውን ያወጣል። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል አውጥቶ ቢበላ ለዚያ ሳምንት ይጠግባል፤ ጎተራው ግን አልሞላም።

እኛም ይህን በዓይናችን ለማየት፥ ከአንድ ባለ መኪና ፈቃድ አግኝተን፥ ሮምሬይደር የተባለውን በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ቱርቦ ባለው አንድ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ላይ ሞከርነው። የሞከርነው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ማንበብ እንጂ መለወጥ አልጀመርንም። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ፥ የአየር ግፊት መለኪያው 76 ኪሎ ፓስካል ያህል አሳየ። በባሕር ጠረፍ ቢሆን 101 ባሳየ ነበር። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ ሞተሩ ገና ሳይነሣ ከአየሩ ሩቡን አጥቷል ማለት ነው።

ከዚያም የፋብሪካውን ፋይልና ባለ መኪናው ከውጭ አገር ያስመጣውን ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጠን፥ ሁለት የአንድ መጽሐፍ ቅጂዎችን እንደምናስተያይ መስመር በመስመር አስተያየን። በፋብሪካው ፋይል ውስጥ አንዲት አጭር ሠንጠረዥ አለች፤ የዙሪያው አየር ሲሳሳ የቱርቦውን ግፊት ቀንስ የምትል ናት። በመጣው ፋይል ውስጥ ግን የዚያች ሠንጠረዥ ቤቶች ሁሉ ዜሮ ሆነው አገኘናቸው። ጻፊው ምናልባት ክፉ ሰው አይደለም። በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው ያችን ሠንጠረዥ የሚፈልግበት ቀን ስለሌለ፥ እንደ ትርፍ ቃል ቈጥሮ ሰርዟታል። ለኛ ግን ዋናዋ ቃል እርስዋ ነበረች።

ስረዛው የሚያመጣውን በሒሳብ እንመልከት። ወደ ሞተሩ 200 ኪሎ ፓስካል ግፊት ያለው አየር እንዲገባ ይፈለግ። በባሕር ጠረፍ ቱርቦው 101 የነበረውን 200 ማድረስ አለበት፤ ይህ እጥፍ ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ መነሻው 76 ስለሆነ፥ ያንኑ 200 ለማግኘት 2.6 እጥፍ መጭመቅ ግድ ነው። ቱርቦው በ70 ከመቶ ብቃት ይሠራል ብንል፥ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የገባው አየር በመጀመሪያው ሁኔታ 110 ዲግሪ ያህል፥ በሁለተኛው ከ150 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል። መዘውሩም በባሕር ጠረፍ ከሚዞርበት በላይ መፍጠን ይኖርበታል። ማቀዝቀዣው ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ያነሣ ይሆናል፤ የቀረው ግን ወደ ኳኳታው ያመራል። ይህን ለባለ መኪናው ካስረዳነው በኋላ፥ ፋይሉ እንዳይጫን ተስማማን።

«የራሱ መኪና ነው፤ ቢሰበርም የራሱ ጉዳይ ነው» የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መንግሥታችን በ2024 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል፤ እንግዲህ ያሉት ሞተሮች ረጅም ዕድሜ ሊኖራቸው ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜም አንድ መኪና የአንድ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ነው። ከዚህም ሌላ በዚያ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የሚጻፈው ቁጥር የጎረቤትን ሳንባ ይነካል። በሴፕቴምበር 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በቮልክስዋገን ኩባንያ ላይ ያወጣውን ክስ እናስታውስ። ቱርቦ ባላቸው የናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ የተጻፈው ፕሮግራም መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ዐውቆ ያን ጊዜ ብቻ ጭሱን ያጠራ ነበር፤ በመንገድ ላይ ግን የናይትሮጂን ኦክሳይዱ መጠን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። ኩባንያው ፕሮግራሙ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ውስጥ እንደነበረ አምኗል። የማይነበብ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ውሸት ሊሸከም ይችላል።

ታዲያ ሞተር ማስተካከል ጨርሶ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ለአገሩ አየርና በአገሩ ለሚሸጠው ቤንዚን ተብሎ በጥንቃቄ የተሠራ ማስተካከያ ሊጠቅም ይችላል። መንገዱ ግን ሥርዓት አለው። አንደኛ፥ ፕሮግራም ከመነካቱ በፊት ሞተሩ ራሱ ይመርመር፤ ካንዴላው ያረጀ፥ የአየር ቱቦው የቀደደ፥ ዘይቱ የጎደለ ሞተር በቁጥር አይድንም። ሁለተኛ፥ የፋብሪካው ፋይል ተገልብጦ በደኅና ቦታ ይቀመጥ። ሦስተኛ፥ ሞተሩ በተለያየ ጭነት ሲሠራ ግፊቱ፥ ሙቀቱና ኳኳታው ይመዝገብ፤ ይህም ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ሳይሆን፥ መኪናው ቆሞ ጎማው በሚዞርበት መለኪያ ላይ ይሁን። አራተኛ፥ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ፥ እርሱም በጥቂቱ ይለወጥ፤ አለዚያ ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። አምስተኛ፥ ጆሮው ኳኳታ ሰምቶ ብልጭታውን ወደ ኋላ መግፋት ከጀመረ፥ ትርፉ አልቋልና እዚያው ላይ ይቁም።

በዘልማድ እንደምንናገረው፥ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በሌላ አገር፥ በሌላ አየር፥ ለሌላ ቤንዚን የተጻፈውን ሳናነብ ብንጭን፥ ባለቤቱ የተወልንን ትርፍ እንበላለን እንጂ ኃይል አንጨምርም። የአዲስ አበባን አየር ለክቶ፥ ለአዲስ አበባ አየር የሚስማማ ሠንጠረዥ መጻፍ ግን የሚቻል ሥራ ነው። የኢንጂኔሪንግ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚህ ሥራ ቢነሡ፥ ወይም በሒሳባችን ላይ የሚጨምሩት ቢኖራቸው፥ መልሳቸውን በዚሁ መጽሔት ገጽ ላይ በደስታ እንጠብቃለን።