ራስ ቅል ሳይከፈት ስለሚሰጥ የጨረር ሕክምና

በአማርኛችን «ዕጢ» የተባለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል። አንደኛው በተፈጥሮ በአካላችን ያለው፥ ሆርሞን የሚያመነጨው ነው፤ ሁለተኛው ያለ ቦታው የሚያድገው ነው። ውድ አንባቢዎች፥ ነገሩ እንዳይደባለቅባችሁ የመጀመሪያውን ዕጢ፥ ሁለተኛውን እባጭ እያልሁ እገልጻለሁ።

ፒቱታሪ የተባለው ዕጢ ከአንጎል ሥር፥ ኮርቻ በሚመስል የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። መጠኑ የአተር ፍሬ ያህል ነው፤ ነገር ግን የሌሎችን ዕጢዎች ሥራ የሚያዝዝ እርሱ ነው። በላዩ የሚወጣው እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ባይሆንም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የእድገት ሆርሞን ከልክ በላይ የሚያመነጭ ከሆነ የጎልማሳው እጅና እግር ይገዝፋል፤ ቀለበቱ አልወጣ፥ ጫማው አልገባ ይለዋል። ወደ ላይ ካደገም የዐይንን ነርቭ ተጭኖ የግራና የቀኝ ጎን እይታን ይጋርዳል።

ፕሮላክቲን የሚያመነጨው እባጭ ብዙ ጊዜ በሚዋጥ መድኃኒት ይኰማተራል፤ ሌላውን ሐኪሞች በአፍንጫ በኩል ገብተው ያወጡታል። ቢላዋ ያልደረሰበት ትራፊ ሲቀር ግን የጨረር ተራ ይመጣል።

ይህን ሐሳብ በ1951 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያቀረቡት ስዊድናዊው ሐኪም ላርስ ሌክሴል ናቸው። ከሳይንስ ሊቁ ከቦርዬ ላርሶን ጋራ ያሠሩት «ጋማ ናይፍ» በ1968 በስቶክሆልም ሥራ ጀመረ። ቢላዋ ይባል እንጂ ስለት የለውም። በዚያ መሣሪያ 179 የኮባልት ጨረር ምንጮች ነበሩበት። እያንዳንዱ ጅረት ለብቻው በእግር የሚሻገሩት ሲሆን፥ ሁሉም በአንድ ወንዝ ሲገናኙ ግን ፈረስ ይወስዳል፤ የጨረሩም ነገር እንዲሁ ነው። በየመንገዱ ያለውን አንጎል እምብዛም ሳይጎዳ፥ በመገናኛው ነጥብ ላይ የእባጩን መራባት ይገታል።

ዋናው ጭንቀት የዐይን ነርቭ ነው። ሆርሞን ለሚያመነጭ እባጭ በአንድ ጊዜ 20 ግሬይ ወይም ከዚያ በላይ ጨረር ሊሰጥ ይችላል፤ ለዐይን ነርቭ ግን ከ8 እስከ 10 ግሬይ ከሚሆነው ወሰን እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከሌለ ጨረሩን በብዙ ቀናት ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል።

ታማሚው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሆኖም ሆርሞኑ ወደ ልኩ የሚመለሰው ከወራት፥ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ስለ ሆነ፥ «ታክሜ አልቋል» ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ጤነኛው ዕጢም በጊዜ ብዛት ሊደክም ይችላልና የደም ምርመራው ለብዙ ዓመታት ይቀጥላል፤ የጎደለው ሆርሞን ሲገኝ በመድኃኒት ይተካል።