የኤፒቴልየም ዐይነቶችና ተግባራቸው

የሰው ሰውነት ከውጭ በቆዳ የተሸፈነ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ውስጡም እንደ ውጭው ልባስ ያለው መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። አፍ፣ ጕረሮ፣ አንጀት፣ ሳንባ፣ የደም ሥርና የሽንት ፊኛ ሁሉ በሕዋሳት ንጣፍ የተለበጡ ናቸው። ይህም ልባስ ኤፒቴልየም ይባላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ የልባሱ ቅርጽ ከሥራው ጋራ እንዴት እንደ ተስማማ፣ ቅርጹም በተለወጠ ጊዜ በሰው ላይ ምን ጕዳት እንደሚደርስ ነው።

ኤፒቴልየም ሁሉ የሚጋራቸው ሦስት ጠባዮች አሉ። አንደኛ፣ ሕዋሳቱ ተጠጋግተው የተያያዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ የላይኛው ገጻቸው ወደ ውጭ ወይም ወደ ክፍት ቦታ ሲመለከት፣ የታችኛው መሠረታዊ ሽፋን በሚባል ስስ ንጣፍ ላይ ያርፋል። ሦስተኛ፣ የደም ሥር በመካከላቸው አያልፍም፤ ምግባቸውን የሚያገኙት ከበታቻቸው ካለው ኅብረ ሕዋስ እየሰረገ ከሚመጣው ነው። ቆዳችን በጥቂቱ ብቻ ሲላጥ ደም የማይወጣው ስለዚህ ነው።

አከፋፈሉ በድርቡ ብዛትና በሕዋሱ ቅርጽ ይመራል። ባለ አንድ ድርቡ የሚገኘው ነገር በሚተላለፍበት ስፍራ ነው። ጠፍጣፋው ዐይነት የሳንባን የአየር ከረጢቶች ይለብጣል፤ እጅግ ስስ ስለ ሆነ ኦክሲጅን ያለ ችግር ወደ ደም ይሻገራል። እንደ ዳይ አራት ማዕዘን የሆነው በኩላሊት ቧንቧዎች ይገኛል። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረውን ወደ ደም የሚመልሱት እነዚህ ሕዋሳት ናቸው። እንደ ዐምድ ረዘም ያለው ደግሞ በአንጀት ውስጥ ሆኖ የተፈጨውን ምግብ ይመጣል፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜም በአዲስ ይተካል። በመተንፈሻ ቧንቧ ያለው ብዙ ድርብ ቢመስልም ሕዋሳቱ ሁሉ መሠረታዊውን ሽፋን ይነካሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ንፍጥ ሲያመነጩ፣ ሌሎቹ በጥቃቅን ፀጉሮቻቸው አቧራ የያዘውን ንፍጥ ወደ ላይ ይጠርጋሉ።

ባለ ብዙ ድርቡ ግን ተግባሩ መከላከል ነው። በቆዳ ላይ የላይኞቹ ሕዋሳት ሞተው ኬራቲን በሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ስለሚሞሉ ውሃ በቀላሉ አይገባም፤ ከሥር ያሉትም እየተባዙ የረገፉትን ይተካሉ። በአፍና በጕረሮ ያለው እንደዚሁ ድርብርብ ቢሆንም እርጥብ ነው። የሽንት ፊኛው ልባስ ደግሞ ፊኛው ሲሞላ ይሳሳል፤ ሲጐድል ይወፍራል።

እንግዲህ ልባሱ ከስፍራው የማይስማማ ቅርጽ ሲይዝ ምን ይሆናል? የትንባሆ ጢስ ለብዙ ዓመት የዘለቀበት የመተንፈሻ ቧንቧ ባለ ፀጉር ሕዋሳቱን እያጣ በጠፍጣፋ ድርብርብ ሊተካቸው ይችላል። አዲሱ ልባስ ጢሱን ቢችለውም መጥረግ አይችልም፤ ስለዚህ ንፍጡ ይከማቻል፤ ሳልም ይጸናል። በማድቤት የታፈነ የማገዶና የኩበት ጢስም ሳንባን የሚጎዳ ነው።

በዐይን ላይ የሚደርሰው ከዚህ ይከፋል። ቪታሚን ኤ የጐደለው ሕፃን አስቀድሞ ዳፍንት ይይዘዋል፤ ቀጥሎም እርጥብ የነበረው የዐይኑ ልባስ እንደ ቆዳ ይደርቃል፤ ኮርኒያ የሚባለው ብርሃን አሳላፊው የዐይን ፊትም ሊቈስልና ሊፈርስ ይችላል። መከላከያው ግን ሩቅ አይደለም፤ ጕበት፣ እንቍላል፣ ካሮትና ጎመን ናቸው። አገራችን በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ የሆነችው ትራኮማም የሚጀምረው ባክቴሪያው በዐይን ቆብ ውስጠኛ ልባስ ሕዋሳት ውስጥ ሲራባ ነው። በሽታው ሲደጋገም ቆቡ ጠባሳ ይዞ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ኮርኒያን እየፋቀ ያሳውራል። ሽፋሽፍቱን በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ቢያሳርፍም መልሶ ይበቅላል፤ የታጠፈውን ቆብ የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና ነው። አስቀድሞ ፊትን መታጠብና ዝንብን መከላከል ግን ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ከዚህ እንደምንረዳው የኤፒቴልየም ትምህርት ስም ለመሸምደድ ብቻ የሚጠና አይደለም። ከመካከላችን ሐኪም የሚሆነው ብቻ ሳይሆን አስተማሪ ሆኖ ወደ ገጠር የሚወርደውም፣ የአንድ ሕፃን ዐይን ብርሃን በአንዲት ስስ ልባስ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ዐውቆ ለወላጆች ሊያስረዳ ይገባዋል።