ለከላላ ቤት የሚሆን ላፕቶፕ

አዲስ አበባ ላይ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ራሙና ስለ ፕሮሰሰሩ ነው። በአማራ ክልል ከላላ፣ ወግዲ ወይም መካነ ሰላም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራበት ያሰበ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ መብራት ሲሄድ ስንት ሰዓት ይቆያል? በዚህ አካባቢ መብራት አንዴ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይናገርም። ዴስክቶፕ ለቤት ሥራ የማይመረጠውም ለዚሁ ነው። መብራቱ እልም ሲል ሴቭ ያልተደረገው ጽሑፍም አብሮ እልም ይላል።

ፈላጊው በዝቷል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ መካነ ሰላም ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪና ፈተና የሚያወጣ መምህር ሥራውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ከወረዳ ከተማ ሳይወጡ መማር ይቻላል። ትርጉም፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የጽሑፍ ሥራ፣ ዲዛይን የሚቀበሉም አሉ። ይህን ሁሉ በስልክ ለመሥራት የሞከረ ሰው ጣቱም ዓይኑም የት ላይ እንደሚደክም ያውቀዋል።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ ጽሑፉ አንባቢ እጅ እስኪገባ ያረጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና ዋጋው አብሮ ወጣ። በአነስተኛ ገንዘብ የሚገዛ ሰው እንግዲህ የሚመርጠው ከሁለት ነው፦ ካርቶኑ ያልተከፈተ ግን ደካማ የሆነ አዲስ ዕቃ፣ ወይም በውጭ አገር ድርጅት ያገለገለ ጠንካራ ዕቃ።

የእኔ ፍርድ ወደ ያገለገለው ያደላል። አዲስ ሆኖ በጣም የረከሰው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ሴለሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው ነው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠየቀው ዝቅተኛ መጠን ልክ ይኸው 4 እና 64 ነው፤ ማለትም ገና ሥራ ሳይጀመር ዕቃው ጥግ ላይ ደርሷል። ይባስ ብሎ ራሙም ማከማቻውም ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ ቆይቶ ልጨምር ቢሉ አይቻልም። ባንኮችና ትልልቅ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የሚገዟቸው ሞዴሎች ግን በአብዛኛው በቀላሉ የሚፈቱ፣ ለጥገና የታሰቡ ናቸው። ድርጅቶቹ ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ በጅምላ ይለውጧቸዋል፤ ከዚያ ብዙዎቹ በዱባይ በኩል ወደ እኛ ገበያ ይመጣሉ።

በቅሎ የሚገዛ ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን እንደሚያውቅ ሁሉ የላፕቶፕም ዕድሜ የሚታይበት ቦታ አለው። ሻጩ «ኮር አይ ሰቨን ነው!» ሲል አይደንግጡ፤ ጀነሬሽኑን ይጠይቁ። ኮር አይ 5-8250ዩ የሚል ቢያነቡ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ስምንተኛ ጀነሬሽን ማለት ነው። በ1 ከጀመረ ግን ሁለቱን አኃዝ አንድ ላይ ያንብቡ፤ 10210 አሥረኛ፣ 1135 አሥራ አንደኛ ነው። አራተኛ ጀነሬሽን የሆነው አይ 7-4600ዩ ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ ያ «ትንሹ» አይ 5-8250ዩ አራት አለው። የሚያብረቀርቀው ተለጣፊ የኮሩን ብዛት አይናገርም።

ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች አይግዙ የምልበት ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። አሁን ገበያው ላይ ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽን በርካሽ የሚታየው በአብዛኛው በዚህ ሰበብ ነው። ከዚያ በላይ አቅም የሌለው ሰው ሊኑክስ ሚንት ጭኖ ሊሠራበት ይችላል፤ መጥፎ ምርጫም አይደለም፤ ግን የለመደው ፕሮግራም እዚያ ላይ መሥራት አለመሥራቱን አስቀድሞ ይይ።

ከስምንተኛ ጀነሬሽን ላፕቶፖች ዴል ላቲቲዩድ 7490ም ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5ም ደህና ናቸው። ለከላላ ግን የሌኖቮን ቲንክፓድ ቲ480 የሚያህል አላውቅም። ባትሪው ሁለት ነው። አንዱ 24 ዋት-ሰዓት የሚይዝ፣ ውስጥ የሚቀር፤ ሌላው ከጀርባ ተስቦ የሚወጣ፣ ትልቁ ዓይነት 72 ዋት-ሰዓት የሚይዝ። የጀርባው ሲያልቅ ላፕቶፑ ሳይጠፋ፣ የተከፈተው ጽሑፍ ሳይዘጋ ነቅሎ ሌላ የሞላ መሰካት ይቻላል፤ የውስጡ ባትሪ በመሐሉ ይሸከመዋል። ስክሪኑን ደብዘዝ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ላፕቶፑ የሚፈጅበት 10 ዋት ገደማ ነው። ሁለቱ ባትሪዎች ጤነኛ ከሆኑ እንግዲህ በድምሩ 96 ዋት-ሰዓት ይዘው የሥራ ቀኑን ያደርሳሉ። በታይፕ-ሲ ቻርጅ ስለሚደረግም ጉልበት ካለው፣ ላፕቶፕ ይሞላል ተብሎ ከተሠራ ፓወር ባንክ ሊሞላ ይችላል። ተራው የስልክ ፓወር ባንክ ግን አያነሣውም።

አሁን ሱቅ ውስጥ ነዎት እንበል። መጀመሪያ ቻርጀሩን ይንቀሉ። ሻጭ ሁሉ ዕቃውን ሰክቶ ማሳየት ይወዳል። ቀጥሎ ታስክ ማናጀር ከፍተው «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይጫኑ፤ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠን፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን አሮጌው ሃርድ ዲስክ እዚያው ተጽፏል። ከዚያ «ወንድሜ፣ የባትሪውን ሪፖርት አውጣልኝ» ይበሉ። ዊንዶውስ ራሱ የሚያዘጋጀው ገጽ ነው፤ ባትሪው ሲሠራ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። 50,000 ሚሊዋት-ሰዓት ይይዝ የነበረው 30,000 ላይ ወርዶ ከሆነ 60 በመቶው ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይነሣ። ሪፖርቱን ማውጣት የማይፈልግ ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ከሱቁ ከመውጣትዎ በፊት ይህንም ይሞክሩ። ኖትፓድ ላይ እያንዳንዱን ፊደል ይምቱ። የቻርጀሩን ጫፍ ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱ፤ ቻርጅ ማድረጉ ከተቆራረጠ ቀዳዳው ላልቷል። አጥፍተው ሲያበሩት የሆነ ድርጅት ስም ወይም የይለፍ ቃል ጥያቄ ብቅ ካለ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። አዲስ አበባ ወይም ደሴ የሚኖር ገዢ ዕቃው ቢበላሽ ነገ ተመልሶ ይጨቃጨቃል፤ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ አገሩ የገባ ሰው ግን ሻጩ የሰጠው የጥቂት ቀን ዋስትና መንገድ ላይ ያልቅበታል።

አብዛኛው ሥራው ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለውን ክሮምቡክ፣ ቢረክስም፣ ለዚህ አካባቢ አልመክርም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ በብዙ ቦታ ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ መቆየቱን የማያስታውስ የለም። ፕሮግራሙም ፋይሉም ላፕቶፑ ላይ ይሁኑ፤ መስመር ሲገኝ ይላካል። ከስልክ በሆትስፖት ሲጠቀሙ ዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱን «ሚተርድ» ያድርጉት፤ አለበለዚያ አፕዴት የሚባለው ነገር የወሩን ጥቅል በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ስለዚህ መብራቱ ቢደክም አይጎዳውም። የሚጎዳው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ነው። መብራት ሲሄድ ይንቀሉ፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ። ምድጃ በሚነድበት ክፍልም ባይሠራበት ይሻላል፤ ጭሱና ጥቀርሻው በፋኑ ገብቶ ማቀዝቀዣውን ይደፍነዋል።

ገንዘቡ ካልሞላ ከራሙና ከዲስኩ ይቀንሱ። 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱ ሞዴሎች ሲከፈቱ ራሙም ኤስኤስዲውም ስለሚቀየሩ በኋላ መጨመርም ይቻላል። ፕሮሰሰሩ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ የተገዛው ጀነሬሽን እስከ መጨረሻው ያው ነው።