የቦዲ ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ፦ ስለ አንድ የመኪና ዕቃ ስያሜና ስለ «መተካት» ትርጉም

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ የሚከናወነው አብዛኛውን ጊዜ በጽሕፈት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ቃሉ የሚፈተነው ግን ሥራው በሚሠራበት ቦታ ነው። ከዚህ በታች የምንመረምረው የአንድ መኪና ዕቃ ስያሜ ይህንኑ ያሳያል።

የአንድ ፒክ አፕ መኪና የጥገና መመሪያ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። ረቂቁን ይዘን ወደ አንድ ጋራዥ ሄድንና ለሠራተኞቹ አነበብንላቸው። ከምዕራፎቹ የአንዱ ርእስ «ጉድለት ያለበትን የአካል መቆጣጠሪያ ሞጁል መቀየር» ይላል። አንዱ መካኒክ ጉዳዩ የባትላሜራ ሥራ መስሎት «ይህ እኛን አይመለከትም» አለ። ሌላው «ሞጁል» ሲባል የሰማው የትምህርት ጥራዝ መሆኑን ነገረን። በዕድሜ የገፉት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ግን ዝርዝሩ ሲነበብ ዕቃውን ዐወቁት። «እርሱንማ ቀይሬው መኪናው አልነሣ ብሎኝ ነበር፤ አዲሱ ዕቃ የተበላሸ መስሎን ባለቤቱ ሌላ ገዛ፤ በእርሱም አልተነሣም» አሉ። የተገዙት ሁለቱም ዕቃዎች ደኅና ነበሩ። የጎደለው ከመግጠም በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው። ይህ ሥራ ደግሞ በረቂቁ ውስጥ «መቀየር» በሚለው ቃል ተሸፍኖ እንደ ቀረ ያየነው ያን ጊዜ ነው።

በቅድሚያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በቀድሞዎቹ መኪኖች እያንዳንዱ መብራት ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝና በማብሪያ በኩል የሚያልፍ የራሱ ሽቦ ነበረው። ዛሬ በሚሠሩት ፒክ አፖች ግን ማብሪያው በአብዛኛው መልእክት ይልካል እንጂ ለመብራቱ የሚሄደውን ኃይል ራሱ አያሳልፍም። መልእክቱን ተቀብሎ ፍሬቻውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን፣ የበሩን መቆለፊያ፣ የመስኮቱን መስታወትና የካቢናውን መብራት የሚያዝዘው አንድ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። በብዙ ሞዴሎች መኪናው በባዕድ ቁልፍ እንዳይነሣ የሚከለክለው ጥበቃም ከዚሁ ዕቃ ጋር የተያያዘ ነው። ከሞተሩ መቆጣጠሪያና ከሌሎቹ ጋር በተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች አማካይነት መልእክት ይለዋወጣል። ለዚህ የመልእክት ልውውጥ መሠረት የሆነውን ሥርዓት የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ለሙያው ማኅበረሰብ አስተዋውቋል።

ወደ ስያሜው ስንመለስ፣ «አካል» የሚለው ቃል ሁለት ዕንቅፋት አለበት። በመጀመሪያ፣ አካል በአማርኛ በቀዳሚነት የሕያው ፍጡር ነው። ሁለተኛውና ብርቱው ዕንቅፋት፣ «የሚመለከተው አካል» እና «ተቆጣጣሪ አካል» የሚሉት አነጋገሮች በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሥር መስደዳቸው ነው። «የአካል መቆጣጠሪያ» ሲባል ሰሚው ከመኪና ይልቅ ወደ ቢሮ ያስባል። በጋራዥ በኩል ደግሞ «ቦዲ» ከሞተርና ከሻንሲ የሚለየውን የመኪናውን ገላ የሚያመለክት የታወቀ ቃል ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላና ቸርኪ ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል፤ ከእንግሊዝኛ የመጣውን «ቦዲ» ለብቻው የምናባርርበት ምክንያት አይታየንም።

«ሞጁል» ቢቀርም የሚጎድል ነገር የለም። «ሣጥን» እንዳንለው ደግሞ የፊውዝ ሣጥን የሚባል ሌላ ዕቃ አለ፤ በአንዳንድ መኪኖችም ሁለቱ ጎን ለጎን ይገኛሉ። «መቆጣጠሪያ» በአማርኛ ከማዘዝ ይልቅ ወደ መከታተልና መፈተሽ የሚያደላ ቢሆንም፣ «የርቀት መቆጣጠሪያ» በሚለው አጠቃቀም የማዘዝን ትርጉም ይዞ ስለ ለመደ እንዳለ ብናቆየው ይሻላል።

«ጉድለት ያለበት» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ዕቃው ሲበላሽ ፍሬቻው አልታዘዝ ይላል፤ መጥረጊያው ሳይነካ ይሠራል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ባትሪው ሌሊቱን ይደክማል። ነገር ግን ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ወይም ሌላውን የተቃጠለ ፊውዝ፣ ከቦዲው ጋር በሚገባ ያልታሰረ የኔጌቲቭ ሽቦ ወይም ውሃ የገባበት የሽቦ መጋጠሚያም ሊያመጣው ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ተፈትሸው እስኪያበቁ ድረስ ተርጓሚው «የተጠረጠረ» ማለት አለበት፤ «የተበላሸ» የሚለው ከምርመራው በኋላ የሚመጣ ቃል ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን ግን ግሡ ነው። በጋራዥ ቋንቋ ጎማ ይቀየራል፤ ዘይት ይቀየራል። ሲቀየር ሥራው ያልቃል። «ተካ» የሚለው ግሥ ከዚህ የሰፋ ነው። ተተኪ የሚባለው በሌላው ቦታ የተቀመጠ ብቻ ሳይሆን የቀድሞውን ኀላፊነት የተረከበ ነው፤ ርክክብ ያልተደረገለት ተተኪ ወንበሩን ይይዝ ይሆናል እንጂ ሥራውን አይዝም። ይህ ዕቃም እንዲሁ ነው። አዲሱ ሲገጠም መኪናው ምን ምን እንደ ተገጠመለት አያውቅም፤ የመኪናውንም ቁልፎች አያውቅም። ከሌላ መኪና የተፈታ ከሆነ ደግሞ የሚያውቀው የቀድሞ መኪናውን ነው። ጥበቃው ከእርሱ ጋር በተያያዘበት ሞዴል ቁልፉን ባዕድ ስለሚያደርገው ሞተሩ እንዳይነሣ ይከለክላል። የአዛውንቱን ባለሙያ መኪና ያቆመው ይኸው ነው።

ስለዚህ ለተርጓሚዎች የሚከተለውን አጠቃቀም እናቀርባለን።

ሀ) የቦዲ ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ፦ የዕቃው ሙሉ ስም። ባለሙያዎች የሞተሩን መቆጣጠሪያ «ኮምፒውተር» ማለት ስለ ለመዱ፣ በንግግር «የቦዲ ኮምፒውተር» ቢባል አይነቀፍም።

ለ) መቀየር፦ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን መግጠም ብቻ። ይኸውም መኪናውን አጥፍቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ማላቀቅን፣ መጋጠሚያዎቹን በሽቦው ሳይሆን በመያዣቸው ይዞ መንቀልን ይጨምራል።

ሐ) ማዋቀር፦ ለአዲሱ ዕቃ በመመርመሪያ መሣሪያ አማካይነት 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉትን የሻንሲ ቁጥርና መኪናው የተገጠሙለትን ነገሮች መስጠት። የአሮጌው መረጃ ሊነበብ የሚችል ከሆነ የሚነበበውና የሚቀመጠው ከመፈታቱ በፊት ነው።

መ) ቁልፍ ማስተዋወቅ፦ መኪናው ቁልፎቹን እንዲለይ ማድረግ። «ማላመድ» ያሉ አሉ፤ ማላመድ ግን ቀስ በቀስ የሚመጣን ነገር ይጠቁማል። እዚህ የሚፈለገው መኪናውና ቁልፉ እንዲተዋወቁ ነው።

ሠ) መተካት፦ ከለ እስከ መ የተዘረዘሩት በሙሉ ሲፈጸሙ። የምዕራፉ ርእስ መሆን የሚገባው ይህ ነው።

በዚህ መሠረት የረቂቁ ርእስ «የተበላሸን የቦዲ ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ መተካት» ተብሎ ታረመ፤ ከመግጠሙ በታችም ማዋቀርና ቁልፍ ማስተዋወቅ ራሳቸውን የቻሉ ንኡስ ርእሶች ሆኑ። የታረመውን ይዘን ወደዚያው ጋራዥ ተመልሰን አነበብነው። አዛውንቱ ባለሙያ እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ፣ ንኡስ ርእሶቹን በጣታቸው እያመለከቱ «ይህን ያን ጊዜ ባገኘው የሰው ገንዘብ ባልጠፋ ነበር» አሉ።

ቃላቱ የመጨረሻ ናቸው አንልም። የማዋቀርንና የማስተዋወቅን ልዩነት ከዚህ በተሻለ የሚገልጹ የጋራዥ ቃላትን የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ቃሉን ከነአገባቡ ቢያስተላልፍልን በምስጋና እንቀበላለን።