ዓይን የአንጎል መስኮት ይሆናልን?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር ሰው በጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲቀዘፍ ማየቱ አይቀርም። ታንኳውን የሚያጸናው ደንገሉን ከደንገል ጋር ያቆራኘው ማሰሪያ ነው፤ ማሰሪያው የላላ ዕለት ታንኳነቱ ይቀርና ተራ ክምር ይሆናል። ስለ አንጎላችን ልንናገር ላሰብነው ነገር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘንም።

በእያንዳንዱ የነርቭ ሴል ውስጥ እጅግ የቀጠኑ ቱቦዎች አሉ፤ ለሴሉ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከወገቡ እስከ ጫፉ የሚጓጓዘው በእነርሱ ላይ ነው። ቱቦዎቹን አጽንቶ የሚይዛቸው ታው የተባለው ፕሮቲን ነው። ስሙ የግሪክ ፊደል ስም ሲሆን፣ ፊደሉም የእኛው የ«ተ» ዘመድ ነው። ፕሮቲኑን በ1975 እ.ኤ.አ. ለይተው ያስታወቁት በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ናቸው። ታው ፎስፌት የበዛበት እንደሆነ ቱቦውን ይለቅና እርስ በርሱ ይተበተባል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. በአንዲት በሽተኛ አንጎል ውስጥ ማየቱን ያስታወቀው ጥልፍልፍ ይኸው ነበር።

ሬቲና ደግሞ በዓይናችን ጀርባ የተነጠፈ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሬቲና ራሱ የአንጎል ክፍል መሆኑን ነው። ጽንሱ በማሕፀን ሳለ ከአንጎል እንደ ቡቃያ ይወጣል፤ ከዚያም አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች ባሉት ነርቭ ከአንጎል ጋር ተያይዞ ይኖራል። አንጎል በራስ ቅል ተሸሽጓል። ሬቲናን ግን ሄልምሆልትዝ በ1851 እ.ኤ.አ. የመመልከቻ መሣሪያውን ካስታወቀ ወዲህ፣ ሐኪም ያለ ቢላዋ በዓይን ብሌን በኩል አሻግሮ ያየዋል። እንግዲህ የአንጎሉን ታው በዓይን በኩል ልናነበው እንችላለንን?

መልሱ ገና አልተጠናቀቀም። በአልዛይመር በሽታ በሞቱ ሰዎች ሬቲና ውስጥ ፎስፌት የበዛበት ታው ተገኝቷል። ነገር ግን ብዙዎቹ መርማሪዎች በአንጎል የሚታየውን ዓይነት ጥልፍልፍ በሬቲና አላዩም። ታው በጤነኛ ሬቲናም አለ፤ ግላኮማ በተባለው የዓይን በሽታም ይለወጣል። በሕይወት ባለ ሰው ዓይን ውስጥ ደግሞ ተራው ካሜራ ታውን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ሬቲና የአንጎል ዘመድ ቢሆንም የአንጎልን ነገር ሁሉ አይናገርም።

«ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በጣና ዳር መንደሮችም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የቤቱን መንገድ የሳተ ሽማግሌና የልጇ ስም የጠፋባት እናት «ጃጁ» ተብለው ይታለፋሉ። በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ ታውን የሚያሳየው የጨረር ምርመራ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ወጪው ለእንደኛ ያለ አገር እጅግ ከባድ ነው። ዓይንን ማየት ግን ቀላል ነው፤ ሊቃውንቱን ያጓጓቸውም ይኸው ነው።

ዳሩ ግን መስኮቱ አስቀድሞ መጥራት አለበት። የአማራ ክልል ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከጸናባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናትም በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ ከመቶ 11 ተኩል ያህሉም በትራኮማ ጠባሳ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ብሌኑ በተጋረደበት ዓይን ሬቲናን የሚያነሣ ካሜራ ምን ይሠራል? ሞራ የሚገፍ ሐኪምና ፊት የሚታጠቡበት ንጹሕ ውኃ ከካሜራው መቅደም እንዳለባቸው፣ በጀት የሚያዘጋጁ ወጣት ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል።

አባቱ መርሳት የጀመረበት ወጣትም «ጃጀ» ብሎ ከመተው ይልቅ ወደ ሐኪም ይውሰደው፤ ዓይኑንም ጭምር ያስመርምርለት። የልጁን መልክ የረሳ ከሚመስለን ሽማግሌ መካከል፣ መልኩን ከነጭራሹ ያላየው አይታጣምና።